አስራ ዘጠኝ ክር

ጣይባ ብስክሌቷን ከጀማሉዲን ጥገና ቤት የተቀበለችው ማክሰኞ ነበር። ሐሙስ ጠዋት፣ የፋብሪካው በር ሊዘጋ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው፣ ካቴናው ወለቀ። ቁጭ ብላ መለሰችው። ሃምሳ ሜትር ሳትሄድ ደግሞ ወለቀ። እጇ በግራሶ ጨቅይቶ፣ ብስክሌቱን እየገፋች ስትደርስ ስሟ ካረፈዱት ጋር ተጽፎ ጠበቃት።

ብስክሌቱን በያዘችበት ስድስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟት አያውቅም። ለጥገና የሰጠችውም ተበላሽቶባት ሳይሆን እንዳይበላሽባት ነው። ክረምቱ ወጥቷል፤ ጭቃው ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ ይሆናል ብላ ሰጋች። ኮምቦልቻ ውስጥ ደግሞ ከጀማሉዲን የተሻለ እጅ አለ የሚል ሰው አልነበረም።

ጣይባ የሰላሳ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጨርቅ መርማሪ። ከስሩ መብራት በበራ ጠረጴዛ ላይ ጨርቁ ሲያልፍ የተበጠሰ ክር፣ የተዘለለ ድር፣ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል የዘይት ጠብታ ትለያለች። አለቃዋ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ «ከጣይባ አይን ያለፈ ጨርቅ እንከን የለውም» ይል ነበር። እናቷ ደሴ፣ ከፒያሳ ከፍ ብሎ ካለው ሰፈር ብቻቸውን ይኖራሉ። ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ ብስክሌቷን የሚኒባስ ጣሪያ ፖርቶመጋላ ላይ አሳስራ ወደ ደሴ ትወጣለች። እሁድ ከዙህር ሶላት በኋላ ግን በሚኒባስ አትመለስም። ብስክሌቷ ላይ ወጥታ ከደሴ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን የሐረጎን ተራራ ቁልቁል ትወርዳለች። ጠመዝማዛው፣ ጉሙ፣ ከታች የኮምቦልቻ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ማየት ነው ደስታዋ። እናቷ ሰው ምን ይላል እያሉ ይቆጣሉ። ሰው የሚለውን ይላል። ከሳምንቱ ውስጥ ማንም የማያዛት ሰዓት ያ ብቻ ስለነበር ለማንም ብላ የምትተወው አልነበረም።

ያን ሐሙስ ገና ጸሐይ ሳለ፣ ከሥራ እንደወጣች ብስክሌቱን ወደ ጀማሉዲን ወሰደችው። ጥገና ቤቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። በሩ ላይ ረጅም አግዳሚ አለ፤ ሥራ የፈታውም ሥራ ያለውም እዚያ ይቀመጣል። የሚመጡት ብስክሌት ለማሠራት አይደለም፣ ጀማሉዲንን ለመስማት ነው። ሰውየው ሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። በወጣትነቱ ለክፍለ ሀገሩ ተወዳድሯል፤ ሐረጎን ከመኪና ቀድሞ ወረደ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አለ። «መሐንዲሱ» ይሉታል። እጁ ይመሰገናል፤ ምላሱ ይፈራል።

ጣይባ የሆነውን ነገረችው። ጀማሉዲን ካቴናውን በጣቱ ዳሰሰና ቀና ሳይል፣ «ካቴናው ጤነኛ ነው» አለ። «የሴት እግር ፔዳል ሲረግጥ ሁለት ሐሳብ አለው፤ ልሂድ ወይስ ልቅር ይላል። ካቴና ደግሞ ሁለት ሐሳብ አይችልም።»

አግዳሚው ሳቀ። ጣይባም ኮስታራ እንዳትባል አብራ ሳቀች። ካቴናውን አጥብቆ መለሰላት።

ሰኞ ዕለት የግራው ፔዳል ከነብረቱ ወልቆ መንገድ ላይ ወደቀ። አንስታ ስታየው ጥርሱ ተበልቷል፤ ጠማማ ገብቶ በጉልበት የታሰረ ነው። ይዛው ሄደች፣ የተበላውን ቦታ እያሳየች አስረዳችው። ጀማሉዲን በአውራ ጣቱ አሻሸውና ክብደቷን ወደ አንድ ጎን ስለምትጥል ነው አላት። ሌላ ፔዳል ገጠመላትና፣ ድምፁን መስማት እፈልጋለሁ፣ እስኪ ወዲያና ወዲህ ንጂ አለ። ነዳች። አይኑን ጨፍኖ፣ አንገቱን አዘንብሎ ያዳምጣል። ድገሚ አላት። ደገመች። አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ጮክ ብለው መቁጠር ጀመሩ፤ ከሁሉም የጸጋው ድምፅ ይጎላ ነበር፤ ጸጋው የጭነት መኪና ደላላ ነው፣ ከዚያ አግዳሚ ጠፍቶ አያውቅም። ሰባተኛው ላይ ጀማሉዲን እጁን አነሳ።

«ሰምቻለሁ» አለ። «ሳይክሉ ዝም ብሏል። የሚያላዝነው ባለቤቱ ነው።»

ጣይባ ያን ቀን አልሳቀችም። ሌላ ሠራተኛ ዘንድ ለመሄድ አስባ ሁለት ቤት ጠየቀች፤ ሁለቱም ሥራውን የተማሩት ከጀማሉዲን ነው። መሐንዲሱ የነካውን አንነካም፣ ኋላ በምላሱ ይጨርሰናል ብለው መለሷት።

እሁድ እንደ ልማዷ ሐረጎን መውረድ ጀመረች። የፊተኛው ፍሬን ጎማ ትንሽ ከፍ ብሎ ታስሮ ኖሯል። ቸርኬውን፣ የእግሩን ብረት፣ መያዝ ሲገባው የሚፈትገው የእግሩን ጎማ ነው። ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም። ቁልቁለቱ ላይ ግን ፍሬኑን በያዘች ቁጥር ጎማው እየተላጠ፣ እየሳሳ ሄዶ ሦስተኛው መታጠፊያ ላይ ፈነዳ። ጣይባ በፊቷ አስፋልቱ ላይ ወደቀች። ጨው ጭኖ ከአፋር የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አንስቶ እስኪያሳፍራት ድረስ የላይኛውን የፊት ጥርሷን መዳፏ ውስጥ ጨብጣ ነበር። ከአጠገቡ የነበረውን አላገኘችውም።

ከንፈሯ አምስት ቦታ ተሰፋ። ለአራት ቀን ፈሳሽ ብቻ ጠጣች። እናቷ ኮምቦልቻ ድረስ ወርደው አጠገቧ ተቀምጠው፣ ማን ያገባሻል እንግዲህ እያሉ አለቀሱ፤ ሊያጽናኗት መስሏቸው ነው። ሥራ ስትመለስ ሰው ሲያናግራት በነጠላዋ ጫፍ አፏን መሸፈን ለመደች። «ሰላም» ስትል ፊደሉ በክፍተቱ ያፏጫል። አብረዋት የሚሠሩት ሴቶች አይተው እንዳላዩ ሆኑ።

አምስተኛው ቀን ላይ የተጣመመውን ብስክሌት እየገፋች ጀማሉዲን በር ላይ ቆመች። አግዳሚው ሙሉ ነበር። የፍሬኑን ጎማ ነቅላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። የእግሩ ጎማ ጀርባ እንዳለ ታትሞበታል። ጀማሉዲን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጣና ጠፋ። እንደገና ዳሰሰው፤ እሱ አንድን ነገር ሁለቴ ሲዳስስ ደግሞ ታይቶ አያውቅም።

«ምን ሆነ መሐንዲሱ?» አለ ጸጋው።

ጀማሉዲን የፍሬኑን ጎማ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ምን ይሆናል» አለ። «ሴት ልጅ ሐረጎን በሳይክል ልውረድ ካለች ጥርሷን ቤቷ አስቀምጣ ነው መሄድ ያለባት።»

መጀመሪያ የሳቀው ጸጋው ነው። ሌሎቹም ተከተሉ። የተሰፋ ከንፈሯን አይተው ወዲያው ያቆሙም ነበሩ፤ ያላቆሙም ነበሩ። ጣይባ እስኪጨርሱ ቆመች። ጀማሉዲን ብስክሌቱን ተቀብሎ አዲስ ጎማና አዲስ የፍሬን ሽቦ አስገባለታለሁ፣ ከዚህ በኋላ ግን ደጄን እንዳትረግጪ አላት። አርብ ወሰደችው።

ቅዳሜ ጠዋት መስኮቷ ስር አስቀምጣ እንደ ጨርቅ መረመረችው። የፍሬን ሽቦ አንድ ወጥ ሽቦ አይደለም፤ ከአስራ ዘጠኝ ቀጫጭን ክር የተገመደ ነው። ያ ሁሉ በአንድ ቡሎን ስር ገብቶ ይታሰራል። የፊተኛው ላይ ቡሎኑ ስር የገቡት አምስት ብቻ ነበሩ። አስራ አራቱ ወደ ጎን ተበትነው፣ ተጣጥፈው ጎማ ሽፋኑ ስር ተደብቀዋል። ሳበችው፤ ያዘ። ኮምቦልቻ ሜዳ ላይ ለወራት ይይዛል። ሐረጎ ላይ ግን ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይል ጨብጠህ የምትወርድበት ቦታ አለ፤ እዚያ አምስት ክር አይበቃም።

ይህ ሰው ትሙት ብሎ ነው የሠራው አለች በልቧ። በፍሬኑ ሁለተኛ ጊዜው ነው፣ ስህተት ሁለት ጊዜ እንዲህ አይመጣም። ቡሎኑን የሚፈታው ቁልፍ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። ፈትታ፣ ክሮቹን ሰብስባ መልሳ ለማሰር የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። መሳቢያውን አልከፈተችውም።

በዚያው ቀን ከሥራ ስትወጣ ጥገና ቤቱ ሄደች። አግዳሚው ፊት ቆማ፣ ነጠላዋን ከአፏ አንስታ ጠየቀችው።

«ጋሽ ጀማሉዲን፣ ይህን ሳይክል ጨርሰዋል?»

«ጨርሻለሁ አልኩሽ እኮ።»

«እርስዎ ሐረጎን ይወርዱበታል?»

ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ጀማሉዲን ብስክሌት ላይ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። እጁን በጨርቅ ጠረገ፤ ቀስ ብሎ ጠረገው። እምቢ ማለት የሚችልበት ቀዳዳ ግን ጥፋቱ የሴቷ ነው ብሎ በቀለደ ጊዜ ራሱ ደፍኖት ነበር። ነገ ጠዋት አለ።

እሁድ ሁለት ሰዓት ላይ የሾፌሩ የወንድምአገኘሁ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወደ ደሴ ወጡ። ብስክሌቱ ፖርቶመጋላው ላይ ታስሯል። ከአግዳሚው ሰዎች ማንም አልመጣም፤ እሁድ ነው፣ ማታ ይሰሙታል። ጀማሉዲን ነጭ ኮፍያ አድርጓል፣ ጺሙን ተስተካክሏል። አግዳሚው በሌለበት ሌላ ሰው ነበር። እናቷን በስማቸው ጠርቶ ጠየቃት፤ ለካ ያውቃቸዋል። ድሮ በዚህ መንገድ ልምምድ ሲወጡ የሐረጎ ሴቶች እሸት በቆሎ ይዘው እንደሚጠብቋቸው፣ አንዲቷ ፈትሂያ እንደምትባል፣ ኋላም ሚስቱ እንደሆነች አወራት። ጣይባ መንገዱን እያየች ሰማችው። ለደግነቱ ልቧ ውስጥ ቦታ አልነበራትም።

መንገዱ መሐል ላይ ስልኩ ድምፅ አሰማ። አውጥቶ ፊቱ ድረስ አቀረበው፣ ራቅ አደረገው፣ እንደገና አቀረበው። ከዚያ ወደ እሷ ዘረጋው።

«መብራቱ ደክሟል መሰለኝ» አለ። «ምን እንደሚል አንብቢልኝ።»

የስልኩ መብራት ደህና ነበር። መልእክቱ አዲስ አበባ ካለችው ልጁ ከዊዳድ ነው። ጣይባ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበችለት፤ «አባ፣ የአይን ሐኪሙ ማክሰኞ ይጠብቅሃል። ከዚህ በላይ ከዘገየ ቀዶ ጥገናውም አይረዳም ብሏል። እባክህ እንደ ባለፈው እንዳትቀር።»

ስልኩን ተቀብሎ ኪሱ ከተተ። 

ከዚያ ነገራት፤ ወደ መስኮቱ እየተመለከተ ነው የነገራት። ሁለት ዓመት ሆኖታል። ራቅ ያለውን ያያል፤ መንገድ፣ መኪና፣ የሰው ቁመና ይለያል። እጁ ስር ያለው ግን ጉም ነው። የሚሠራው በጣቱ ነው። ከሚስቱና ከልጁ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አግዳሚው ቢሰማ በማግስቱ ባዶ ይሆናል። የእሷን የፍሬን ጎማ እጁ ላይ ያስቀመጠችለት ቀን ምን እንዳደረገ ወዲያው ገብቶታል።

«ጥርስሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለ። «አውቄዋለሁ። ሰው ፊት ግን ማለት አቃተኝ፤ በማለት ፈንታ ያንን ተናገርኩ። አፉ በይኝ።»

ጣይባ ይህን ቃል ለማግኘት ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጥታ ነበር። አሁን ሲመጣ ወደ ውስጧ አልገባ አለ። ሰባት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ያስነዳት ይህ ሰው ነው። ያሳቀባት ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታ የሚላት ግን የሚኒባስ ወንበር ላይ፣ የሞተር ድምፅ ውስጥ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ነው።

«አላህ አፉ ይበልዎ» አለችው። ስለ ራሷ አልተናገረችም። እሱ ግን ልዩነቱን አልሰማውም፤ ትከሻው ቀለል ሲለው አየችው።

ከደሴ መግቢያ፣ ቁልቁለቱ ከሚጀምርበት ላይ ወረዱ። ወንድምአገኘሁ መናኸሪያ ገብቶ ሰው ጭኖ እመለሳለሁ፣ ከኋላ ከኋላ እከተላችኋለሁ ብሎ ሄደ። ከግማሽ ሰዓት በላይ መንገድ ዳር ብቻቸውን ቆሙ። ብርድ ነበር። ጀማሉዲን ኮርቻውን በቁመቱ ልክ አስተካከለ፣ ጎማውን በመዳፉ ጫን ጫን አደረገ፣ ሽቦዎቹን በጣቱ ተከተላቸው። የፊተኛው ፍሬን ጋ ሲደርስ ጣቱ ቆመ።

ቢተወውስ ብላ አሰበች። እኔ ብተወውስ ግን አላለችም።

«እስኪ ነይ» አላት። «ያንቺ አይን የመርማሪ አይን ነው። ይህቺን ቡሎን እይልኝ። ስሠራት ጣቴ አላመናትም ነበር።»

ጣይባ ጎንበስ አለች። የጎማ ሽፋኑን በጥፍሯ ገለጥ አደረገች። የጠዋት ጸሐይ ከጎን እየመታው ስለነበር ክሮቹ አንድ በአንድ ያብለጨልጫሉ። አምስቱ ቡሎኑ ስር፣ አስራ አራቱ ውጭ። ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ትናንት ስትስበው ነው መሰለኝ፣ ጫፉ ላላ ብሏል። እሱ ከላይዋ ቆሞ ይጠብቃል፤ ትንፋሹ ይሰማታል። ምላሷ ጥርሷ የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ ነበር። ሽፋኑን መለሰችው።

«ምንም የለበትም» አለች።

«ወላሂ?»

«ወላሂ።»

የወንድምአገኘሁ ሚኒባስ መጣ። ጣይባ ጋቢና ገባች፤ ጀማሉዲን ብስክሌቱ ላይ ወጣ።

ሲነዳ አይታው አታውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን መታጠፊያዎች ሲወርድ ያ ሽማግሌ ሊሆን የቀረበው ሰው የለም። ጀርባው ዝቅ ብሏል፣ ጉልበቱ ወደ መንገዱ ውስጥ ያዘነብላል፣ መኪና ሲመጣ ሳይደነግጥ መሥመሩን ይይዛል። ፍሬኑን እንኳን እምብዛም አይነካም። ወንድምአገኘሁ መሪው ላይ ተደፍቶ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም እያለ ይከተላል። ጣይባ በአንድ መታጠፊያ ላይ ኮፍያው ወልቆ ሲበር አየች፤ እጁን ወደ ራሱ ሰዶ ሲስቅ የፊቱ ጎን ታየ። ያኔ ጡሩንባ ንፋለት፣ አስቁመው ልትል አፏን ከፈተች። ምን ብዬ ነው የማስቆመው አለች በልቧ። ወላሂ ብያለሁ። አፏን ዘጋች።

ቁልቁለቱ የሚብስበት ቦታ ላይ ከታች አውቶቡስ ሲመጣ ታየ። ጀማሉዲን ሁለቱንም ፍሬን ጨበጠ። የፊተኛው ፍሬን መያዣ ሲወርድ፣ ባዶውን ከመሪው ጋር ሲጋጠም ከሚኒባሱ ውስጥ ይታይ ነበር። የኋላው ብቻውን አልቻለም፤ ብስክሌቱ ተንሸራተተ። በግራው ገደል ነው፣ በቀኙ የተራራው ድንጋይ። እግሩን አስፋልቱ ላይ እየጎተተ ወደ ድንጋዩ አዞረው። ሕይወቱን ያተረፈው ያ ነው። ቀኝ እጁ ግን መሪውን እንደጨበጠ በብረቱና በድንጋዩ መካከል ገባ።

ጣይባ ናት መጀመሪያ የደረሰችው። ነጠላዋን ቀድዳ እጁን ጠቀለለች፤ እስከ ደሴ ሆስፒታል ድረስ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ ይዛ ሄደች። ሲነቃ ብስክሌቱን እንዳይተዉት ጠየቀ።

ዳሌው ተሰብሯል። ከቀኝ እጁ አውራ ጣቱና ቀጥለው ያሉት ሁለት ጣቶቹ ተቆረጡ።

ከሰዓት በኋላ ፈትሂያ ከኮምቦልቻ ደረሰች። የሐኪም ቤቱ መተላለፊያ በአግዳሚው ሰዎች ተሞልቶ ነበር፤ ጸጋው ግንባሩን ግድግዳው ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ፈትሂያ ወደ ባሏ ገብታ ረጅም ጊዜ ቆየች። ስትወጣ ቀጥ ብላ ወደ ጣይባ መጣች፣ በደም የደረቀ እጇን አንስታ ሁሉም እያየ ሳመችው። የባሌን ነፍስ ያተረፈች እህቴ ናት አለች። ሰዎቹ አሚን አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጣይባ በመናኸሪያው ስታልፍ አግዳሚው ተነስቶ ነው የሚቀበላት። ስለ ጥርሷ የሚናገር አንድም ሰው አልተገኘም።

ምን እንደጣለው ሲጠይቁት ጀማሉዲን አህያ መንገዱ መሐል ገባብኝ አለ። ወንድምአገኘሁ አህያ አላየሁም ብሎ ነበር፤ መሐንዲሱ ካለ ግን ነበረ ማለት ነው ብሎ ተወው።

በአምስተኛው ቀን ጣይባ ልትጠይቀው ገባች። ፈትሂያ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። የተጠቀለለው እጁ ደረቱ ላይ ተቀምጧል። «ሰላም» ስትል በድምፅዋ ለያት።

«በስንት ክር ነበር የተያዘው?» አላት።

ልትዋሽ አልቻለችም። «በአምስት።»

«ከአስራ ዘጠኝ።»

«ከአስራ ዘጠኝ።»

«ቆጥረሻቸዋል ማለት ነው።»

«ቤቴ ቆጥሬያቸው ነበር። እዚያም ላይ ቆጠርኳቸው።»

 አህያ ለምን እንዳለ ጠየቀችው። ሽቦው ተበጠሰ ብል ማን ያሰረው ሽቦ ይሉኛል፤ እሷ እያየች ዋሸችኝ ብል ራስህ ለምን አላየህም ይሉኛል አላት። ይህን ሲናገር ቁጣ አልነበረበትም፤ አንድ የተበላሸ ዕቃ ፈትቶ እንደሚያሳይ ሰው ነበር የተናገረው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«የአይኑ ቀጠሮ አለፈ» አለ። «ሂጂ በቃ።»

ጥገና ቤቱ ተዘጋ። ካስተማራቸው አንዱ ዕቃውን ወሰደ፤ አግዳሚውንም ከነሰዎቹ ወሰደው። ጀማሉዲን በምርኩዝ ግቢው ውስጥ መዞር ጀመረ። በሁለት ወሩ አይኑ ራቅ ያለውንም መለየት አቆመ፤ ሰውም በአደጋው ምክንያት ነው አለ። የሚያይ አይን በጠፋበት ጊዜ የሚዳስስ ጣቱም አብሮ ጠፋ። ጎማ መንፋት እንኳን አልቻለም።

ጣይባን እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ጥፋቷን ለፈትሂያ ነግራ ብትሰደብ፣ ብትመታ እንኳን እንደሚሻላት አሰበች። አንድ ማክሰኞ ከሰዓት፣ ጀማሉዲን ተኝቶ ሳለ፣ ግቢው ውስጥ ጎመን እየቀነጠሰች አገኘቻት። ቆማ ነገረቻት። ክሩን፣ ወላሂ ማለቷን፣ ጡሩንባውን፣ ሁሉንም። ፈትሂያ ጎመኑን መቀንጠስ አላቆመችም።

«ነግሮኛል» አለች። «የመጀመሪያው ቀን፣ ገና ስገባ ነው የነገረኝ።»

«ታዲያ እጄን ለምን ሳሙኝ?»

«ሰው ሁሉ እያየ ነበር እኮ።»

 ፈትሂያ ጎመኑን አስቀምጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት።

«ስሚኝ» አለቻት። «አይኑ ሄደ፣ እጁ ሄደ። የቀረው መሐንዲሱ የሚባለው ስም ነው። አንቺ አፍሽን ከፍተሽ ይህን ሌላ ቦታ ብትናገሪ ስሙም ይሄዳል፤ የሰው ጥርስ የሰበረ፣ የራሱን ሽቦ ማሰር ያቃተው ዕውር ይሆናል። ስለዚህ አትናገሪም። ለቅሶ ቤት፣ ሰርግ ቤት፣ ገበያ ባገኘሁሽ ጊዜ እስምሻለሁ። አንቺም ትስሚኛለሽ። ስጠራሽ ትመጫለሽ። አፉ እንድልሽ ደግሞ አትጠብቂ፤ እስክሞት አልልሽም።»

ጣይባ እሺ አለች። 

ለመውሊድ ፈትሂያ ጠራቻት። ቤቱ በጎረቤትና በድሮ አግዳሚ ሰዎች ሞልቶ ነበር፤ ዊዳድም ከአዲስ አበባ መጥታለች። ፈትሂያ በሩ ላይ ተቀብላ ሦስት ጊዜ ጉንጯን ሳመቻት፣ እጇን ይዛ አሳልፋ ከጀማሉዲን አጠገብ አስቀመጠቻት። ይህ የእሷ ቦታ ነው አለች ለሰዎቹ። ትሪው ሲቀርብ ጀማሉዲን የግራ እጁን ዘረጋ፤ ወጡን ስቶ ጨርቁን ነካ።

«አጉርሽው እንጂ» አለች ፈትሂያ በፈገግታ። «ካንቺ እጅ ሲሆን ደስ ይለዋል።»

ጸጋው እንባ አይኑ ላይ ሞልቶ፣ አላህ ይስጥሽ አላት። ጣይባ እንጀራውን ጠቅልላ ወደ አፉ አስጠጋች። ጀማሉዲን የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። ትንሽ ቆየ፤ ቤቱም ጠበቀ። ከዚያ አፉን ከፈተ። ዋጠና እንደገና ከፈተ፤ ትሪው እስኪነሳ ድረስ እያጎረሰችው ቆየች።